አረጋውያኖቻችን ከጥናት ለምን ይቀራሉ?

በአገራችን ከሚሰጡት ምርቃቶች ሁሉ የሚቀድመው «ዕድሜና ጤና ይስጥህ» የሚለው ነው። ምርቃቱ የደረሰላቸውና ረጅም ዕድሜ የታደሉት ወገኖቻችን ጤናቸው እንዴት እንደሆነ ሳይንስን ብንጠይቅ ግን የምናገኘው መልስ ጥቂት ነው። ምክንያቱም መጠየቅ የሚገባቸው ሰዎች አልተጠየቁም።

ሁለት አገር አቀፍ ጥናቶችን እንመልከት። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ሲካሄድ በግል ያነጋገረው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን ሴቶችና ከ15 እስከ 59 ዓመት የሆናቸውን ወንዶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ሌሎች ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መንስኤዎች የተደረገው ጥናት ደግሞ 69 ዓመት ላይ ቆሟል። የመጀመሪያው በዋናነት የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና የሚከታተል በመሆኑ ለገደቡ በቂ ምክንያት አለው። ይሁን እንጂ አንድ የ75 ዓመት አዛውንት ከሁለቱም ውጭ ናቸው።

ክፍተቱ ከዋና ዋና ከተሞች በራቅን መጠን ይሰፋል። በኢሉባቦር ዞን በዳሪሙ ወረዳ የሚኖሩ አንድ ቡና አምራች አዛውንትን በምሳሌነት እናስብ። ተመራማሪው ስለ እርጅና የሚያጠናው ወደ ሆስፒታል የመጡትን ብቻ መርጦ ከሆነ፣ ያገኛቸው እስከ መቱ ለመጓዝ አቅምና ደጋፊ ያላቸውን ነው። ክረምቱ በሚረዝምበት በዚያ አገር ጉልበታቸው ከድቷቸው ከቤት የዋሉት፣ ማለትም ስለ እርጅና ይበልጥ ሊያስተምሩን የሚችሉት፣ በመዝገቡ ላይ አይገኙም።

ተመራማሪው ቤታቸው ድረስ ቢሄድስ? የሚይዘው መለኪያም ችግር አለበት። በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበትና እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመው አጭር የአእምሮ ምርመራ፣ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠርን፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍንና ሥዕል መገልበጥን ይጠይቃል። ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሚገኙም ያስመልሳል። ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁና ፎቅ በሌለበት ቀበሌ የሚኖሩ ሰው በዚህ ፈተና ቢወድቁ የተለካው የማስታወስ ችሎታቸው ሳይሆን ያላገኙት ትምህርት ነው። በአንጻሩ በእርግጥ የታመሙት «ጃጅተዋል» ተብለው ያለ ሕክምና ይቀራሉ።

መፍትሔው ከአፍሪካ ምድር የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በናይጄሪያ ኢባዳንና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ጎን ለጎን የተካሄደው ጥናት ማንበብና መጻፍን የማይጠይቅ መመርመሪያ ተጠቅሟል፤ ከአረጋውያኑ በተጨማሪም የቅርብ ቤተ ሰባቸውን ስለ ዕለት ተዕለት ኑሯቸው ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ውጤት የመርሳት በሽታ በኢባዳን ዮሩባዎች ዘንድ በኢንዲያናፖሊስ ካሉት ጥቁር አሜሪካውያን ባነሰ መጠን እንደሚከሰት አሳየ። ኢባዳን ባይካተት ኖሮ «ልዩነቱ ከምን መጣ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ባልተነሳ ነበር።

ኢትዮጵያውያንን ማጥናት ለሕክምና ምን እንደሚጨምርም ማስረጃ አለን። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የአንድ የጉበት ኤንዛይም ዘረ መል በተደጋጋሚ ቅጂ እንዳላቸው አመለከቱ። ይህ ኤንዛይም ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ወደ ሞርፊን የሚለውጥ ነው። ቅጂው ከበዛ ለውጡ ይፈጥናል፤ ለሌላው ሰው ልክ የሆነው መጠን ለዚህ ሰው ሊበዛ ይችላል። በእርጅና ምክንያት ኩላሊት ሲዳከም ደግሞ ከሞርፊን የሚገኙ ውጤቶች ከሰውነት ቶሎ አይወገዱም። ሁለቱ ሁኔታዎች በአንድ አዛውንት ላይ ሲገናኙ መጠኑ ስንት ይሁን? ይህን የሚመልሰው በሌላ አገር ወጣቶች ላይ የተደረገ ሙከራ ሊሆን አይችልም።

«የሕፃናት ሞት ገና ሳይገታ ለሽማግሌ ጥናት ገንዘብ ማዋል ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። አስተያየቱን አንንቀውም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ከ50 ዓመት በታች የነበረው የኢትዮጵያውያን አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ዛሬ ከ60 አልፏል። ከሞት የተረፉት ሕፃናት ማርጀታቸው አይቀርም፤ የዛሬው ጥናት የሚጠቅመውም ለእነርሱ ጭምር ነው።

ሥራው ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ የአዛውንቶቻችን ዕድሜ ብዙውን ጊዜ በ60፣ በ65፣ በ70 ተጠጋግቶ ይነገራል። የታኅሣሥ 1953ቱን ግርግር፣ የ1967ቱን የመሬት አዋጅና የ1977ቱን ድርቅ የያዘ የክስተቶች መቁጠሪያ አዘጋጅቶ «ያኔ አግብተው ነበር? ልጅ ወልደው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግምቱን ያቀርበዋል። ድርቁ በኢሉባቦር ሌላም ትርጉም አለው። በዚያን ጊዜ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ተነሥተው የሰፈሩ ወገኖች ዛሬ ከነባሩ ሕዝብ ጋር አብረው አርጅተዋል። ስለዚህ መጠይቁ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም መዘጋጀት አለበት። ስምምነት የሚጠየቀውም ወረቀት ላይ አውራ ጣት በማስነካት ብቻ ሳይሆን ምስክር ባለበት ጉዳዩን በሚገባቸው ቋንቋ በማስረዳት ነው። ጥናቱ ሲያልቅም ውጤቱ ለራሳቸው ሊነገራቸው ይገባል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ ካለ ሩቅ አይሂድ። ለዕረፍት ወደ ዳሪሙም ሆነ ወደ ሌላ ቀዬ ሲመለስ ኦቦ ወይም አዴ ብሎ የሚጠራቸው ሰው ደጃፍ ላይ ይቀመጥ፤ በመምህሩ እየታገዘና ከተቋሙ የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ አግኝቶ ይጠይቅ። ዕድሜን የመረቅንላቸው ሰዎች ስለ ጤናቸውም ሊጠየቁ ይገባል እንላለን።