ሰላዩስ መጠየቅን ምን ያስፈራዋል?

“ክፉ ያልሠራ ሰው ቢሰለል ምን ያስፈራዋል?” የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህችን አባባል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እስቲ እነዚህን ሰዎች ይዘን ወደ ቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን እንሂድ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

በ1950 የተቋቋመው የአገሪቱ የደህንነት መሥሪያ ቤት ሽታዚ ራሱን “የፓርቲው ጋሻና ጎራዴ” ብሎ ይጠራ ነበር። ልብ በሉ፤ የሕዝቡም የሕጉም አይደለም፣ የፓርቲው! በ1989፣ 16 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባላት አገር፣ 91 ሺህ ያህል ደመወዝተኛና ከ170 ሺህ በላይ ጆሮ ጠቢ ነበረው። ቬራ ቮለንበርገር የተባለችው የመብት ተሟጋች ፋይሏ ሲገለጥ፣ ሲሰልላት የኖረው የገዛ ባሏ ሆኖ ተገኘ። ምን ክፉ ሠርታ ነው? ስለ ሰላምና ስለ መብት ተናገረች፤ በቃ።

እኔን ከቁጥሩ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ጠያቂ መጥፋቱ ነው። “ምን ሰማህ? በማን ፈቃድ ሰማህ?” የሚል ነፃ ፍርድ ቤት የለ፣ ነፃ ጋዜጣ የለ። አለቃው ኤሪክ ሚልከ ከ1957 እስከ 1989፣ 32 ዓመት ሙሉ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ኖቬምበር 1989 ምክር ቤት ቀርቦ ሰውን ሁሉ እንደሚወድ ሲናገር ግን ተሳቀበት። ምን ዋጋ አለው? በ1993 እንኳ የተፈረደበት ለስለላው አይደለም፤ በ1931 ሁለት ፖሊሶች በመግደሉ ነው።

“አገር ለመጠበቅ ነው” ይሉናል። ቢደረደር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ፋይል ሰበሰቡ። ግንቡ ከመፍረስ፣ መንግሥቱም ከመውደቅ ዳነ እንዴ?

ደግሞ የሩቅ አገር ወሬ አይምሰላችሁ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የደርግን የደህንነት ሰዎች ካሠለጠኑት መካከል ይኸው ሽታዚ ይገኝበታል። “ግድግዳ ጆሮ አለው” እያልን በገዛ ቤታችን ስናንሾካሹክ የኖርነው ወደን አልነበረም።

ደህንነት የሚባል መሥሪያ ቤት አይኑር አላልኩም። “ለዳኛ ዳኛ አለው” ይላል ያገራችን ሰው፤ ለሰላዩም ዳኛ ይኑረው ነው የምለው። ጀርመኖች ጃንዋሪ 1990 የሽታዚን ዋና መሥሪያ ቤት ጥሰው ገቡ፤ በ1991 መጨረሻ ባወጡት ሕግም ዜጋው የራሱን ፋይል እንዲያይ ፈቀዱ።

እንግዲህ ጥያቄውን እናዙረው። ንጹሕ ሥራ የሚሠራ ሰላይ መጠየቅን ምን ያስፈራዋል?