ካርታ ሁሉ ቁማር አይደለም

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ካርታ ነው። አዎ፣ ስለ ካርታ ጨዋታ! ስሙን ሰምታችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩብኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡትና ፍረዱ።

ትልቋ ልጄ ለልደቷ ከጓደኛዋ አንዲት ትንሽ ሣጥን ተሰጣት። እናቴ ገና ስታያት «ካርታ እዚህ ቤት አይገባም!» አለች። አልፈረድኩባትም። በእኛ ዘንድ ካርታ ማለት ቁማር ነው፣ ቁማር ማለት ደግሞ የፈረሰ ትዳር ነው። እኔም ካርታን የማውቀው ከጻሃል ነው። ከጥበቃ ስንወርድ በሲጋራ እየተወራረድን እናነጋ ነበር፤ ከዚያ ጨዋታ የተረፈኝ ነገር ቢኖር ፊቴን መደበቅ ብቻ ነው።

ይሄኛው ግን ሌላ ነው። በዕብራይስጥ ረቪዒዮት ይሉታል፣ አራት አራት እያደረጉ የሚሰበስቡት። የልጄ ሣጥን ውስጥ 32 ካርታ አለ፤ 8 ቤተሰብ፣ ለእያንዳንዱ 4። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ታዋቂ ሠዓሊ ነው፣ አራቱ ካርታዎች ደግሞ አራት ሥራዎቹ። ከአንድ ቤተሰብ አንድ ካርታ ካለህ፣ የቀረውን ከአንዱ ተጫዋች በስሙ ጠርተህ ትጠይቃለህ። ካለው ይሰጥሃል፣ ትቀጥላለህ። ከሌለው ከክምሩ አንድ ታነሣለህ፣ ተራህም ያልፋል። ብዙ ቤተሰብ የሞላ ያሸንፋል። ገንዘብ የለበትም፣ መጻፍ የለበትም፣ እሳት የለበትም። እንግዲህ ለሻባት ከዚህ የተሻለ ጨዋታ ከየት ይመጣል? አዲስ ነገርም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1861 በዚሁ ዓይነት ስለ ደራሲዎች የሚያስተምር ካርታ ወጥቶ ነበር።

እናቴ ሁለት ሻባት ከሩቅ ሆና አየችን። ልጆቹም «ሳቭታ ዕብራይስጥ ማንበብ ስለማትችል አትጫወትም» አሉ። ይቺ ንግግር ወጋችኝ። በቤታችን ስንት ነገር ነው «ሳቭታ አትችልም» እየተባለ የሚታለፈው? የሐኪም ወረቀት፣ የባንክ ደብዳቤ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ማስታወሻ። በሦስተኛው ሻባት አጠገቤ አስቀመጥኳትና ካርታዎቹን አንድ በአንድ አሳየኋት። አንዱ ላይ ስትደርስ እጇን ዘርግታ ያዘችው። «ይሄማ ሙሴ ነው! ጽላቱን ይዞ» አለች። እውነትም ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1659 የሣለው ሙሴ ነበር። ዋናው ሥዕል በርሊን ነው ያለው፤ ጽላቱ ላይ የኦሪት ትእዛዛት በዕብራይስጥ ፊደል ተጽፈዋል። ሬምብራንት አይሁዳዊ አልነበረም፤ ነገር ግን አምስተርዳም ውስጥ ቤቱ በአይሁዶች ሰፈር ነበር።

ስሙን ማንም አላነበበላትም። በኦሪት አወቀችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ካርታ የምትጠራው በራሷ ስም ነው። «ከዋክብቱ የሚዞሩበትን ሌሊት ስጠኝ» ስትል ልጆቹ የቫን ጎህን የ1889 ሥዕል ማለቷ እንደሆነ ያውቃሉ። የማን እጅ ላይ ምን እንዳለ አትረሳም። ማሸነፍ ጀምራለች፣ ልጆቹም «ሳቭታ አትችልም» ማለት ትተዋል።

አንድ ወዳጄ ግን ከቤተ ክኔሴት ስንወጣ «ምስል በሕጋችን የተከለከለ ነው፣ ለምን ልጆችህን ታስለምዳለህ?» አለኝ። ጥያቄው ከእምነት የመጣ ስለሆነ አልቀለድኩበትም። እንደገባኝ ከሆነ ግን ኦሪት የከለከለችው ለምስል መስገድን ነው። በዘጸአት 31 ላይ እኮ እግዚአብሔር ራሱ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ ለማደሪያው ድንኳን ሥራ ጥበብን ሞላበት። እ.ኤ.አ. በ1906 ኢየሩሳሌም ውስጥ የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም በሱ ስም ነው የተሰየመው። እኛ ካርታው ላይ አንሰግድም፣ እንጠያየቅበታለን እንጂ።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። እኔ በሙያ ትምህርት ቤት ብየዳ ነው የተማርኩት፤ ስለ ሥዕል የነገረኝ ሰው የለም። ከሻጋል ካርታዎች አንዱ ባለ ቀለም መስኮት ነው። ከሥሩ «ሀዳሳ ዐይን ካሬም» ይላል። ደነገጥኩ! እናቴን ለሕክምና እያመላለስኩ እዚያ ግቢ ውስጥ ስንት ቀን ቡና በእጄ ይዤ ቁጭ ብያለሁ! ለካ እዚያው በሆስፒታሉ ቤተ ክኔሴት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የያዕቆብ 12 ልጆች 12 መስኮቶች አሉ። የሰው ፊት የለባቸውም፤ እንስሳ፣ ዓሣ፣ አበባ ነው የተሣለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጦርነት የተጎዱትን ሻጋል ራሱ አድሷቸዋል። ልጆቹንና እናቴን ይዤ ሄድኩ። በመዳፍ የሚያዘው ካርታ እዚያ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ብርሃኑ ፊታችን ላይ ወደቀ። ካርታው ያስተዋውቃል እንጂ ሥዕሉን አይተካም፤ ይሄን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ልጄ «አባ፣ ከኢትዮጵያ የመጣ ቤተሰብ ለምን የለም?» አለችኝ። ስምንቱን ቤተሰብ በልቤ ቆጠርኩ። የለም። መልስም አልነበረኝም።

አንዳንዶች በዚህ ምክንያት «የፈረንጅ ነገር ነው፣ ይቅርብን» ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም። የሌላውን ያላወቀ ልጅ የራሱን ከምን ጋር ያስተያያል? የጎደለውን እኛው እንሙላው። እኛም ካርቶን ቆረጥን። አንደኛው የአፈወርቅ ተክሌ መስኮቶች ሆነ፤ እነሱም እንደ ሻጋል ባለ ቀለም መስታወት ናቸው፣ ያሉትም አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በተመሠረተበት ቤት። ሁለተኛው የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች ናቸው፤ እኛ እዚያ ባንጸልይም የአገራችን ሰው እጅ ሥራ ነው። ሦስተኛውን እናቴ መረጠች፣ የወለቃ ሴቶቻችን የሸክላ ምስሎች። አራተኛው ራሷ የሰፋችው ሰፌድ ነው። «ይሄ ሥዕል አይደለም» ብላ ልጄ ተከራከረች። እናቴ ግን «ዙሪያውን እዪው፣ ቀለሙን አስቤ ነው የሰፋሁት» አለቻት። ገባ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ምክሬ አጭር ነው። ሳጥኑ ውድ አይደለም፤ ካርቶንና መቀስ ደግሞ ከዚያም ይረክሳል። በሻባት ስልኩ ሲዘጋ አያትንና የልጅ ልጅን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጡ። አያቶቻችን «የለኝም» ወይም «እንካ» ለማለት ማንበብ አያስፈልጋቸውም። እነሱ እያሉ ተጫወቱ፤ ምክንያቱም የኛን ቤተሰብ አራት ካርታዎች መርጠው የሚሰጡን እነሱ ናቸው።

ሻባት ሻሎም፣ ሰላም ሁኑ።