ድምፅ የሚሰማው ሰው ይታከም እንጂ አይታሰር

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ከመነሣቱ በፊት፣ በካርቱም ሰሜን በሚገኘው በካፉሪ ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት ነበረች እንበል። ይህች ሴት ሌሊት ማንም ሳይጠራት «አቤት!» እያለች ትነሣለች። ቀን ደግሞ የሚሰድቧትንና የሚያዝዟትን ሰዎች ድምፅ እሰማለሁ እያለች ታለቅሳለች። ከጓደኞቿ አንዳንዶቹ «ዛር ነው» ይላሉ፤ አንዳንዶቹ «ሥራ ጠልታ ነው» ይሏታል። ሌሎቹም እንዳትጠፋ ማሰር ይሻላል ብለው ይመክራሉ። ለመሆኑ ትክክለኛው ፍርድ የትኛው ነው?

በእኔ አስተያየት ሦስቱም ተሳስተዋል። ሴትዮዋ አልዋሸችም፤ ድምፁን በእርግጥ ትሰማዋለች። ሰው በልቡ ሲናገር፣ ንግግርን የሚያሰናዳው የፊተኛው የአንጎል ክፍል «ይህ የራስህ ነው» የሚል መልእክት በነርቭ ክሮች አማካይነት ወደ መስሚያው ክፍል ይልካል። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው የአእምሮ ሕመም ይህ ግንኙነት ይዛባል። መልእክቱ በሚገባ ካልደረሰ፣ የራስ ሐሳብ የሌላ ሰው ድምፅ መስሎ ይሰማል። ሕሙማኑ ድምፅ በሚሰሙበት ጊዜ በተነሣ የአንጎል ምስልም የንግግርና የመስማት ክፍሎች ሲሠሩ ታይተዋል። ስለዚህ ሕመሙ እንደ ማንኛውም ሕመም ነው፤ የሚያሳፍርም፣ የሚያስቀጣም አይደለም። እርግጥ ድምፅ የሚሰማው ሁሉ ስኪዞፍሬኒያ አለበት ማለት አይደለም፤ ጥልቅ ሐዘንና እንቅልፍ ማጣትም ሊያመጡት ይችላሉ። ይህን ለይቶ የሚያውቀው ግን ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች «ወደ ሐኪም መሄድ ጠበሉንና ጸሎቱን መናቅ ነው» ይሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚያው በካርቱም ሰሜን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የነርቭ ሕሙማን ክሊኒክን የመሩት ሱዳናዊው ሐኪም ዶክተር ቲጃኒ አል ማሂ የዛርን ልማድ በጥሞና አጥንተዋል፤ ከባህላዊ ፈዋሾችም ጋር ተባብረው ሠርተዋል። እምነትና ሕክምና ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ ሥራቸው ያስረዳል።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1998 በቡታጅራ የተጀመረው ጥናት በዚህ ሕመም የሚሠቃዩ ብዙ ሰዎችን አግኝቷል። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አላገኙም ነበር። ይህም የሆነው መድኃኒት ስላልተገኘ አይደለም፤ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1952 ነውና። መድኃኒቱ ለብዙዎች ድምፁን ያበርዳል፤ ያለ ሐኪም ምክር ሲቋረጥ ግን ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። የካርቱም ጦርነት በርካታ ሆስፒታሎችን በመዝጋቱ፣ ብዙ ሕሙማን ከሕክምናቸው ተለይተው ተሰደዋል። በመተማ በኩል ወደ አገራቸው የተመለሱትንም ሆነ በየቤታችን ያሉትን ሕሙማን ችላ ማለት ትልቅ በደል ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ሕመምተኛው በሽታውን የሚደብቀው ግን እኛ ስለምንስቅበት ነው። እንግዲህ ድምፅ እሰማለሁ የሚል ሰው ቢያጋጥመን፣ ገመድ ከመፈለጋችን በፊት ሐኪም እንፈልግለት።