የሆኪ ሜዳ የማን ነው?

በደቡብ ሕንድ በምትገኘው የታሚል ናዱ ግዛት፣ በቼናይና በማዱራይ ከተሞች እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ ላይ የተካሄደው ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች የዓለም የሆኪ ዋንጫ በጀርመን አሸናፊነት ተፈጽሟል። ጀርመንና ስፔን በመደበኛው ጊዜ 1 ለ 1 ተለያይተው በመለያ ምት ጀርመን 3 ለ 2 ስለ ረታች፣ ዋንጫውን ለ8ኛ ጊዜ ወስዳለች። አስተናጋጇ ሕንድ አርጀንቲናን 4 ለ 2 አሸንፋ ሦስተኛ ወጥታለች። ለውጤቱ የስፖርቱ ገጽ ይበቃል። በዚህ ዓምድ ልናነሣው የምንሻው ከውጤቱ ጀርባ ያለውን ጥያቄ፣ ማለትም ይህ ጨዋታ የማን እንደ ነበረና ወደ ማን እጅ እየዞረ እንደ ሄደ ነው።

ሆኪ ለአገራችን ሠርቶ አደር አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ ሊባል አይችልም። ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩር እያሳደዱ መጋጠም ምን እንደሆነ በገና ሜዳ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ዘመናዊው ሆኪ (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል) ሕጉ የተበጀለት በእንግሊዝ ሲሆን፣ ወደ ሕንድ ክፍለ አህጉር የገባውም ከቅኝ ገዥው ሠራዊት ጋር ነው። ይሁን እንጂ ገዥዎቹ ለመዝናኛቸው ያመጡትን ዱላ ተገዥዎቹ የራሳቸው አደረጉት። ሕንድ ከ1928 እስከ 1956 በተካሄዱት ስድስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች የወርቅ ሜዳሊያውን ለማንም አላስነካችም። በ1936 በበርሊን፣ በናዚው መንግሥት ደጃፍ፣ ጀርመንን 8 ለ 1 ድል አደረገች። ነጻነቷን በተቀዳጀች በዓመቱ፣ በ1948፣ በዚያው በለንደን የትናንት ገዥዋን እንግሊዝን 4 ለ 0 ስታሸንፍ ውጤቱ ከስፖርት ያለፈ ትርጉም እንደ ነበረው ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ የሆነው ጨዋታው ርካሽ በነበረበት ዘመን ነው። የተደላደለ መሬት፣ የእንጨት ዱላና ኳስ እስከ ተገኘ ድረስ የመንደር ልጅ ከጌታ ልጅ እኩል ይሠለጥን ነበር። በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ የሆኪ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ሲደረግ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ሕንድ ሰባተኛ ወጣች፤ ከ1928 ወዲህ ያለ ሜዳሊያ የተመለሰችበት የመጀመሪያው ኦሊምፒክ ይህ ነበር። በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ኳስ ሳትነጥር በፍጥነት ስለምትሄድ፣ በጎርባጣ መሬት ላይ በእጅ ብልኃት የተካነው ተጫዋች ብልጫው ይቀንሳል፤ ጉልበት፣ ሩጫና የተጠና ምት ይነግሣሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምንጣፉ ውድ ነው፤ ለትልልቅ ውድድሮች የለመደው ዓይነት ውሃ ካልተረጨ በቀር እንደሚፈለገው አያጫውትም። ለመጠጥ ውሃ ወረፋ ለሚይዝ ሰፈር ይህን መንገር ቀልድ ይመስላል።

ሰው ሠራሹን ሣር ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ግን ታሪክን ማጣመም ይሆናል። ፓኪስታን በ1984 የኦሊምፒክ ወርቅ፣ በ1994 የዓለም ዋንጫ የወሰደችው በዚሁ በአዲሱ ምንጣፍ ዘመን ነው። የድሮ ዝናን እንደ ርስት ቆጥረው የተኙ የስፖርት ባለሥልጣናትም ከተጠያቂነት አያመልጡም። ቢሆንም ወጣቶቹ የሚወዳደሩበትን ዋንጫ መዝገብ ስንገልጥ ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ በግልጽ ይታያል። በ1979 ቬርሳይ ላይ የተጀመረውን የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደችው ፓኪስታን ነበረች፤ ከዚያ በኋላ አልደገመችም። እስከ 2025 ከተካሄዱት 14 ውድድሮች ጀርመን ብቻዋን 8ቱን ስትወስድ፣ ሕንድና አርጀንቲና ሁለት ሁለት ጊዜ፣ አውስትራሊያ አንድ ጊዜ አሸንፈዋል። አፍሪካ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። በ2025 የተሳታፊዎቹ ቁጥር ወደ 24 ከፍ ሲል እንኳ ከአህጉራችን የተገኙት ግብፅ፣ ደቡብ አፍሪካና ናሚቢያ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ሕንድ እንዴት ቀና አለች? በ2016 በሉክናው ዋንጫውን ያነሣው የወጣቶች ቡድን አምበል ሃርጂት ሲንግ የከባድ መኪና ሹፌር ልጅ ነው። በኦዲሻ ግዛት የሱንዳርጋር አውራጃ ልጆች ከቀርከሃ በተቀረጸ ዱላ ጀምረው ብሔራዊ ቡድን የደረሱት ተአምር ስለ ተፈጠረ አይደለም፤ የሕዝብ ገንዘብ በሥልጠና ጣቢያና በሜዳ ላይ ስለ ዋለ ነው። የኦዲሻ መንግሥት ከ2018 ጀምሮ የአገሪቱን ብሔራዊ ቡድኖች ወጪ በስፖንሰርነት ተሸክሟል። የታሚል ናዱ መንግሥትም ለ2025ቱ ውድድር በማዱራይ አዲስ ስታዲየም ሠርቷል፤ ተመልካቹም ያለ ክፍያ እንዲገባ ተደርጓል። ድሃው ልጅ ውድ ምንጣፍ መግዛት አይችልም፤ ግዛቱ ግን ይችላል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በአምስት በአምስት ተጫዋች በጠባብ ሜዳ የሚደረገውን ሆኪ ማስፋፋቱ በጎ ነው። በ2024 ሙስካት ላይ በተካሄደው የዚህ ዓይነት የዓለም ዋንጫ ኬንያና ናይጄሪያ ተሰልፈው አይተናል። ነገር ግን ትልቁን ሜዳ ለባለጸጋ፣ ትንሹን ለድሃ ማከፋፈያ ሆኖ እንዳይቀር መጠንቀቅ ይገባል።

ሌላም ቅር የሚያሰኝ ነገር አለ። በ2016 ፓኪስታን በቪዛ ውዝግብ ምክንያት ከሉክናው ቀረች፤ በምትኳም ማሌዢያ ገባች። በ2025 ደግሞ በሁለቱ መንግሥታት መካከል የነበረው ፍጥጫ አይሎ ፓኪስታን ራሷን ስታገል፣ ቦታዋን ኦማን ያዘች። የመጀመሪያው ዋንጫ ባለቤት የሆነችው አገር ልጆች በጎረቤታቸው ምድር የተደረገውን ጨዋታ በሩቅ ተከታተሉት። መንግሥታት የሚጣሉበት ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል፤ ጠባቸውን ለማርገብም ብዙ ዓመት አላቸው። የዚህ ውድድር በር ግን በ21 ዓመት ዕድሜ ይዘጋል፤ በ2025 የመጨረሻ ዕድላቸው ለነበረው የላሆርና የካራቺ ወጣቶች የሚቀጥለው ውድድር የሌሎች ነው።