ስለ ቤት አስተዳደር፤ ለመስቀል የሚያጠራቅም ሰው ለእርጅናው ምን አስቀምጧል?



በዚህ ወር ለጽሑፋችን መነሻ የሚሆነን ከአርባ ምንጭ ከተማ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። የጻፉልን የቤት እመቤት ስማቸው እንዳይገለጽ ስለ ጠየቁን አንገልጸውም። ባለቤታቸው ከዶርዜ ተራራ ወደ ከተማው የወረዱ ሸማኔ ሲሆኑ፥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋቢና ነጠላ እየሠሩ፥ በሲቀላ በኩል ትንሽ የሸማ ሱቅ ከፍተው አራት ልጆች አሳድገዋል። እመቤቲቱ እንዲህ ይላሉ፤

«ባለቤቴ አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዐይናቸው ደክሞ ድሩ ሲበጠስ ክሩን አያዩትም፤ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እቀጥልላቸዋለሁ። ባለፈው ሐምሌ ግብር ስንጠየቅ የዓመቱን ሽያጭ የጻፍንበት ወረቀት አልነበረንም። ስለዚህ በግምት የተወሰነብንን ለመክፈል የእቁባችንን ገንዘብ አነሣን። እቁቡ ለእርጅናችን ይሆናል ብለን የጠበቅነው ነበር። ጎረቤታችን መምህሩ በቅርቡ ጡረታ ይወጣሉ፤ እሳቸው በየወሩ የሚቀበሉት አላቸው። እኛስ ምን አለን? ከመምህሩ ያነሰ ሠርተን ነውን?»

ይህን ደብዳቤ ደጋግመን አነበብነው። ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና። በአርባ ምንጭ ሙዝ እየጫነ የሚነግደው፥ ከጫሞና ከዓባያ ሐይቅ ዓሣ የሚያወጣው፥ በጨንቻ አፕል የሚሸጠው፥ ልብስ የሚሰፋው፥ እንጨት የሚጠርበው፥ ሁሉም አለቃ የሌለበት ሠራተኛ ነው። አለቃ አለመኖሩ ነጻነት እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን ነጻነቱ የራሱ ዕዳ አለው።

እመቤት ሆይ፤ ከመምህሩ ያነሰ ሥራ አልሠራችሁም። ልዩነቱ ያለው በሥራው ሳይሆን በገንዘቡ መንገድ ላይ ነው። የመምህሩ ደመወዝ እጃቸው ሳይገባ አስቀድሞ ግብሩ ይቀነሳል። ቀጥሎም ከደመወዛቸው ከመቶ 7 ለጡረታ ይያዛል፤ ቀጣሪውም በበኩሉ ከመቶ 11 ይጨምርበታል፤ በድምሩ ከመቶ 18 መሆኑ ነው። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞችም በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 የጡረታ መብት አገኙ፤ ይህም በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። እነዚህ ሕጎች ሁሉ በዋናነት የቆሙት ቀጣሪና ተቀጣሪ ባሉበት ቦታ ነው። የሸማኔው ገንዘብ ግን ከገዢው እጅ ወደ እሱ እጅ፥ ከእሱም እጅ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ በመካከል ቆሞ «ይህ የግብር ነው፤ ይህ የእርጅና ነው» ብሎ የሚለይለት የለም።

እንግዲህ ዋናው ምክራችን አንድ ነው። ለራሱ የሚሠራ ሰው የራሱ ቀጣሪ እንደ ሆነ ይወቅ፤ ቀጣሪ ለሠራተኛው የሚያደርገውንም እርሱ ለራሱ ያድርግ። ይህም ማለት ከእያንዳንዱ ሽያጭ የግብሩንና የእርጅናውን ድርሻ ገንዘቡ ወደ ቤት ሳይገባ ይለይ ማለት ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ መዝገብ ነው። መዝገብ ስንል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ የተማሪ ደብተር ይበቃል። በአንዱ ገጽ የተሸጠው፥ በሌላው ገጽ ለክር፥ ለሱቅ ኪራይና ለትራንስፖርት የወጣው በየቀኑ ይጻፋል፤ ደረሰኞችም በአንድ ከረጢት ይቀመጣሉ። መዝገብ የሌለው ሰው የገቢውን መጠን ሌላ ሰው እንዲገምትለት ፈቅዷል ማለት ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የአነስተኛ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ይፋ በሆነ ጊዜ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ስንቱ ነጋዴ «በዛብኝ» ብሎ እንደ ጮኸ፥ ሱቁን የዘጋም እንደ ነበረ እናስታውሳለን። ግምቱ በዝቶ ይሁን አንሶ በማስረጃ ለመከራከር የቻለው ግን የጻፈ ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ቅር ያለው ግብር ከፋይ ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል። በእነዚህ ቀኖች ዝም ያለ ሰው በኋላ ቢያዝን ማንን ይወቅሳል?

ሁለተኛው ነገር ሕጉን ማወቅ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ነጋዴዎችን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ ግን ደረጃዎቹ ሁለት ሆነዋል፤ ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነው በደረጃ «ሀ»፥ ከዚያ በታች የሆነው በደረጃ «ለ» ይመደባል። ክልሎች የራሳቸውን የግብር ሕግ ስለሚያወጡ፥ የሚከፈለውን መጠንና የመክፈያውን ቀን ከጎረቤት ወሬ ሳይሆን ከከተማው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ቀርቦ መጠየቅ ይገባል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን እንደሚዘጋ ግን ሁሉም ያውቃል፤ ሐምሌም በድንገት የሚመጣ እንግዳ አይደለም። ግብሩን የከፈለ ሰው የከፈለበትን ማስረጃ ይዞ የንግድ ፈቃዱን ያሳድሳል፤ የታደሰ ፈቃድ ያለውም ሰው ብድር ሲጠይቅ አንገቱን አይደፋም።

ሦስተኛው ነገር አከፋፈሉ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ጋቢ 1,000 ብር ተሸጠ እንበል። ከዚህ ላይ 450 ብር የድርና የማግ ዋጋ ነው፤ ይህ ገንዘብ የቤቱ አይደለም፥ የሚቀጥለው ጋቢ ነው። ከሽያጩ 50 ብር ለግብር ተለይቶ ይቀመጥ። ከክሩ ዋጋ በኋላ ከተረፈው 550 ብር ደግሞ መምህሩና ቀጣሪያቸው እንደሚያወጡት ከመቶ 18 ቢለይ 99 ብር ይሆናል። ለቤቱ የሚቀረው 401 ብር ነው። «ይህማ ለቤቱ አይበቃም» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ከመቶ 5 ይጀምር፥ ነገር ግን ይጀምር። በዓመት 50 ጋቢ የሚሸጥ ሸማኔ በየጋቢው 99 ብር ቢያስቀምጥ በዓመት 4,950 ብር፥ በ10 ዓመት 49,500 ብር ያጠራቅማል። ባንክ በየዓመቱ ከመቶ 7 ወለድ ቢያስብለት ከ67,000 ብር በላይ ይሆንለታል።

ይሁን እንጂ አንባቢን ማታለል አንወድም። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 7 አድርጎ ሲወስን፥ በ2014 ዓ.ም. ግን የዕቃ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ 30 በላይ ጨመረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባ የጥለት ክር የሚገዛ ሸማኔ ይህን ከእኛ መማር አያሻውም። ስለዚህ የእርጅና ስንቅ ሁሉ በአንድ ዕቃ ውስጥ አይቀመጥ። ለክፉ ቀን የሚፈለገው በባንክ ይሁን፤ የቀረው ግን ዋጋው አብሮ በሚያድግ ነገር ላይ ይዋል። ለአንዱ ተጨማሪ የሽመና ዕቃ ገዝቶ ወጣቶችን ማሠራት ነው፤ ለሌላው የሚከራይ አንድ ክፍል ነው፤ በደጋ መሬት ላለው ደግሞ የአፕል ችግኝ ወይም እንሰት ነው። የጋሞ ደገኛ እንሰትን የሚተክለው ዛሬ ሊበላው አይደለም፤ ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ እያወቀ፥ ድርቅ የመጣ እንደ ሆነ የሚቆምለትን አስቦ ነው። አባቶች ባንክ ሳይኖራቸው ቁጠባን ያወቁት በዚህ ነው።

ስለ እቁብና ስለ እድርም ጥቂት እንበል። እቁብ መልካም ነገር ነው፤ ክር በጅምላ ለመግዛት፥ ሱቅ ለማደስ ይረዳል። ነገር ግን የከፈልነውን ያህል ብቻ ይመልስልናል፤ ዕጣው በወጣ ማግስትም ገንዘቡን የሚፈልግ ጉዳይ ከየትም ይመጣል። እድር ደግሞ የሚቀብረን እንጂ የሚጦረን አይደለም። ከጉልበት መድከም እስከ ሞት ድረስ ያለው ዘመን አንዳንዴ ሃያ ዓመት ነው፤ ለዚያ ዘመን ማኅበር ያቋቋመ ሰው ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። በጋሞ ምድር መስቀል ምን ያህል ታላቅ በዓል እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ የሚሠራው ሸማኔ ሳይቀር መስከረም ሲደርስ ወደ አገሩ ይመለሳል። ጎረቤታሞች ተሰብስበው ለበሬው ዋጋ በየወሩ ያዋጣሉ፤ ገንዘቡን የያዘው ሰው ቢቸግረውም አይነካውም፥ የመስቀል ነውና። እንግዲህ ይህ ሕዝብ ማጠራቀም አያውቅም የሚል ሰው ተሳስቷል። የሚያውቀው ቀን ስለ ተቈረጠለት ነው። ሐምሌም ቀኑ የተቈረጠ ነው፤ እርጅናም ዕድሜ ለሰጠው ሰው የማይቀር ነው። ጥቂት ጎረቤቶች ለመስቀል በሬ እንደሚያዋጡ ሁሉ፥ አንዱን የግብር፥ ሌላውን የእርጅና ብለው በየሳምንቱ በየስማቸው ባንክ ቢያስገቡ፥ ደብተሮቻቸውንም እየተያዩ ቢመካከሩ፥ ብቻውን የሚደክም ሰው በባልንጀራው ይበረታል።

አሁን ወደ ጸሓፊያችን እንመለስ። እመቤት ሆይ፤ በሃምሳ ስምንት ዓመት የጀመረ ሰው የመምህሩን ጡረታ ያህል አያጠራቅምም፤ ይህን ደብቀን ብናጽናናዎ ወዳጅ አንባልም። ሆኖም የሚደረግ አለ። አስቀድሞ ባለቤትዎ ዐይናቸውን ይታዩ። ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርቡን ነገር አለማየት የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም በመነጽር ይረዳል፤ ሞራም ቢሆን በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ነው። ለሸማኔ መነጽር እንደ መወርወሪያው ሁሉ የሥራ ዕቃ ነው፤ አምስት የሥራ ዓመት ቢጨምርላቸው ከማንኛውም ወለድ ይበልጣል። ከዚያም መሸመኑን በጥቂት በጥቂቱ ለወጣት እያስተማሩ፥ እሳቸው ክር መምረጡንና መሸጡን ይያዙ፤ ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ጨርቁን ዳስሶ ይለያልና። ደብተሩን ከልጆቹ አንዱ ይጻፈው።

በመጨረሻም አራቱን ልጆች አንድ ቀን በአንድ ላይ ያስቀምጧቸው። በጋሞ ትልቅ ጉዳይ በዱቡሻ ተቀምጦ፥ ሁሉም ተናግሮ መወሰን የቆየ ሥርዐት ነው፤ የቤተ ሰብም ጉዳይ እንዲሁ ይገባዋል። ወላጅ «ልጆቼ ያውቃሉ» ብሎ ዝም ይላል፤ ልጆችም «ቢቸግራቸው ይነግሩን ነበር» ብለው ዝም ይላሉ፤ በሁለቱ ዝምታ መካከል ሽማግሌ ይራባል። እያንዳንዱ ልጅ በየወሩ የሚችለውን፥ ጥቂትም ቢሆን የማይቋረጥ ነገር ይወስን፤ የወሰነውም በዚያው ደብተር ይጻፍ።

ወጣቶች አንባብያን ሆይ፤ ይህ ደብዳቤ ለእናንተም ተጽፏል። የሃምሳ ስምንቱ ዓመት ሰው በሃያ ስምንት ዓመቱ አንድ ደብተርና ከመቶ 5 ብር ቢኖረው ኖሮ ዛሬ የሚጠይቀን ሌላ ጥያቄ በሆነ ነበር። ዛሬ ከሸጣችሁት ላይ ምን ለያችሁ? መልሳችሁን በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።