ሰፈሩን የሠራው ቴአትር፣ ተመልካቹን ያሰናበተው ከተማ

ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የታክሲ ረዳት «ብሔራዊ! ብሔራዊ!» ብሎ ሲጣራ ከሚሳፈሩት ውስጥ ቴአትር ሊያይ የሚሄደው ጥቂት ነው። ባንክ የሚሄድ አለ፣ ቢሮ የሚገባ አለ፣ ወደ ለገሃር የሚያልፍ አለ። ሁሉም ግን የት እንደሚወርድ ያውቃል። አንድ የጥበብ ቤት ለሰፈር ስም ከሆነ ሥራው ቀላል አይደለም። ዙሪያውን የከበቡት የባንክ ፎቆች፣ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሳይቀር፣ ይህን ስም ሊያስለውጡ አልቻሉም።

ሕንፃው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለሲኒማ ተብሎ የተጀመረ ነው። ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት ጨርሶት በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተከፈተ። ደጁ ላይ የቆመው አንበሳ የፈረንሳዊው ቀራፂ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። ውስጡ እነ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴአትር ያሳዩበት፣ ነርሲስ ናልባንዲያን ሙዚቀኞችን ያሠለጠነበት ቤት ሆነ። ውጪው ደግሞ የራሱን ገበያ አፈራ። ጎኑ ራስ ሆቴል፣ ዙሪያው ካፌ፣ ጀርባው አሮጌ መጽሐፍ የሚያገላብጥ ሰው። ይህን ሁሉ ማንም በማስተር ፕላን አልሳለውም። ቴአትር የሚጠብቅ ሰው ቡና ይጠጣል፤ ቡና የሚጠጣ ሰው መጽሐፍ ያያል። ሰፈር የሚሠራው እንዲህ ነው።

ለዚህ ሁሉ ግን በእግሩ መጥቶ በእግሩ የሚመለስ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ይኖር የነበረው ደግሞ ከቴአትሩ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰንጋ ተራና ልደታ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። የሰንጋ ተራና የልደታ አሮጌ መንደሮች ለመልሶ ማልማት ሲነሱ ክርክሩ ሁሉ ስለ ካሳ፣ ስለ ምትክ ቤትና ስለ ሊዝ ነበር። ተገቢ ክርክር ነው፤ የቤቶቹ ሁኔታም የሚያስመካ አልነበረም። ጭቃ ቤትና የጋራ መፀዳጃ ይናፍቀኛል የሚል ካለ ኖሮበት አያውቅም። ነገር ግን የቴአትሩን ጎረቤት የቆጠረ አልነበረም። ልደታ ላይ ኮንዶሚኒየም ተሠራ፣ ሰንጋ ተራም ላይ በ2009 ዓ.ም. የ40/60 ቤቶች ለባለ ዕድለኞች ተላለፉ። ብዙው ነባር ነዋሪ ግን ወደ ከተማው ዳር ሄደ። ሰፊው መሬት ለፋይናንስ ተቋማት ሆነ።

ባንክ መጥፎ ጎረቤት አይደለም፤ ግብር ይከፍላል፣ መንገዱን ያጸዳል። ችግሩ የሥራ ሰዓት ሲያልቅ በሩን መዝጋቱ ነው። ምድር ቤቱ መስታወትና ጥበቃ ነው። ቴአትር ደግሞ የሚደምቀው ሌላው ሥራውን ሲጨርስ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አይገናኙም። ከትርኢት የወጣ ተመልካች የሚያገኘው የተዘጋ የፎቅ ደጅና የታክሲ ሰልፍ ነው። መኖሪያው ጀሞ ወይም ኮዬ ፈጬ የሆነ ቤተሰብ ትኬቱ ቢረክስለት እንኳ የመመለሻው ጭንቀት ያስቀረዋል። «ሕዝቡ ቴአትር ጠላ» የሚሉ ሰዎች ይህን ጉዞ አንድ ምሽት ቢሞክሩት ጥሩ ነበር።

ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1977 የተከፈተው የፖምፒዱ ማዕከል ሲነደፍ አርክቴክቶቹ ሬንዞ ፒያኖና ሪቻርድ ሮጀርስ የቦታውን ግማሽ ያህል ምንም ሳይሠሩበት ለአደባባይ ተዉት። ስለ ቱቦዎቹ ብዙ ተወርቷል፤ ሰፈሩን የቀየረው ግን ያ ባዶ ሜዳ ነው። ትኬት ያልቆረጠውም እዚያ ይቀመጣል። የብሔራዊ ደጅ ግን ከአንበሳው አልፎ ብዙም ሳይራመዱ አስፋልት ነው።

ጉዳዩ የድሮ ትዝታ ብቻ አይደለም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። ወዲያው በቀጣዩ ወር የፒያሳ ቤቶች መፍረስ ጀመሩ። ሕንፃው ትልቅ ነው፣ ጎብኚም አለው። ነገር ግን ጎብኚና ጎረቤት አንድ አይደሉም። ጎብኚ በዓመት አንዴ ይመጣል፤ ጎረቤት ዝናብ ሲጥል ሊጠለል ገብቶ ትርኢት አይቶ ይወጣል። ሰንጋ ተራ ላይ የተሠራው ስህተት ፒያሳ ላይ ሊደገም አይገባም።

ለብሔራዊ ዛሬም የሚደረግ ነገር አለ፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ከተማው ለፎቆቹ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ምድር ቤቱ ለመንገደኛ እንዲከፈት ማስገደድ ይችላል፦ ለካፌ፣ ለመጽሐፍ ሻጭ፣ ለሥዕል ማሳያ። የባንኮቹ የመኪና ማቆሚያ ቅዳሜና እሁድ ለተመልካች ቢከፈት የሚከስር ባንክ የለም። የከተማ አውቶቡስም ትርኢት ባለበት ምሽት ወደ ጀሞና ወደ ኮዬ ፈጬ የሚሄድ አንድ አንድ መኪና ከቴአትሩ ደጅ ማስነሳት አያቅተውም።