«ይፈታ» ስንል እኮ ፍትሕ እያልን ነው!

ወገን! «ይፈታ፣ ይፈታ እያላችሁ ከምትጮኹ ፍትሕን ጠብቁ» የሚሉን ሰዎች የቃሉን ሥር ቢያዩት ያፍሩ ነበር። ፍትሕ የመጣው «ፈትሐ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው። ፈታ፣ ለቀቀ ማለት ነው፤ መፍረድም በዚያው ግስ ይነገራል። ስለዚህ «ይፈታ» እና «ፍትሕ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ተመሳሳይ ቃል ከፈለጋችሁ ርትዕ አለ፦ ቀጥ ያለ፣ ያልተጣመመ። ዳኝነት አለ፣ ፍርድ አለ። «እየተጣራ ነው» ግን የለም! ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። እሺ፣ ቀረበ። ከዚያ ፖሊስ 14 ቀን ይጠይቃል፣ ደግሞ ሌላ 14 ቀን። ዳኛው ዋስትና ፈቅዶ፣ እናት ከዘመድ ተበድራ ብሩን አስይዛ፣ ልጇ የጣቢያውን በር ሳያልፍ በሌላ መዝገብ ተጠርጥረሃል ሲባል ፍርዱስ አለ፤ ፍትሑ የታለ?

ይቅርታ የሚሉትም ሌላ ነገር ነው። በ2010 እስክንድር ነጋን «የግንቦት 7 አባል ነኝ ብለህ ፈርምና ውጣ» ሲሉት እምቢ አለ፤ ኋላ ሳይፈርም ወጣ። ያላጠፋ ሰው ምን አድርጌ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል?

በ2014 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሚለው ስም ቀርቶ ፍትሕ ሚኒስቴር ተብሏል። ጥሩ፣ ስሙን ወስዳችኋል። እንግዲህ ዋስትና የተፈቀደለትን ሁሉ ዛሬውኑ ፍቱ!